ልጄ አልራመድ አለች፣ አባቴም መራመድ ፈሩ

«ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ። የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትንሿ ልጄ 14 ወር ሞልቷታል፤ የተወለደችው ከቀኗ ስድስት ሳምንት ቀድማ ነው። እስካሁን ብቻዋን አልሄደችም። በእጅና በጉልበቷም አልዳኸችም፤ ቤቱን የምታዳርሰው በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነው። ሶፋ ይዛ ትቆማለች፣ ጠርዙን ተከትላም ወደ ጎን ትራመዳለች፤ እጇን ስትለቅ ግን ቁጭ ትላለች። የባለቤቴ እህት ልጅ በአሥር ወሩ ስለሄደ አማቴ አላስችል ብሏቸው ባለ ጎማ የሕፃን ዎከር ገዝተው መጡ፤ 'በዚህ ሳምንት ወፌ ቆመች እንላለን' ብለው ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን ገና ከካርቶኑ አላወጣሁትም። አብረውን የሚኖሩት አባቴ ደግሞ 72 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ወር በፊት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። ባይሰበሩም ከዚያ ወዲህ መራመድ ፈርተዋል፤ ከወንበር የሚነሡት በሁለት እጃቸው ተመርኩዘው ነው፤ እኛም እንዳይወድቁ ብለን ውኃ እንኳ ተነሥተው እንዲቀዱ አንፈቅድም። የ13 ዓመቱ ልጄም በዚህ ዓመት ዕቃ እጁ ላይ አልቆይ ብሏል። ባለቤቴን ስጠይቀው ለሦስቱም መልሱ አንድ ነው፤ 'ዕድሜያቸው ነው' ይለኛል። እውነት ዕድሜ ነው? ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣ ባለቤትዎ ያሉት ግማሽ እውነት አለው፤ የሦስቱም ነገር ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን አማትዎ ዎከር እንዲገዙ ያደረጋቸውም፣ እናንተ አባትዎ ከመቀመጫቸው እንዳይነሡ የከለከላችሁትም በዚሁ እምነት ነው፤ በ14 ወር መራመድ ግዴታ፣ በ72 ዓመት መቀመጥ ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለናል። ስለዚህ ምክሬን ከመስጠቴ በፊት ይህ እምነት የት ላይ እንደሚሳሳት ላስረዳ። ያለዚህ ማብራሪያ ምክሩ ትእዛዝ ብቻ ይሆናል፤ ትእዛዝ ደግሞ በአማት ፊት አይጸናም።

በሙያው «የእንቅስቃሴ እድገት» የሚባለው የሰው ልጅ ከማሕፀን ጀምሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በሚያደርጋቸው እንቅስቃሴዎች ላይ የሚታየው ለውጥ ነው፤ ያንን ለውጥ የሚያመጡትን ምክንያቶች ማጥናትም በዚሁ ስም ይጠራል። አብዛኛው ሰው እድገት ሲባል መጨመርን ብቻ ያስባል፤ ባለሙያዎቹ ግን የአባትዎን እርምጃ ማጠርም እድገት ውስጥ ያስገቡታል፤ እሱም የራሱ ሥርዓት ያለው፣ ሊጠናና ሊለወጥ የሚችል ለውጥ ነውና። ለውጡ ከዕድሜ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ዕድሜ ግን አያመጣውም። ወራት ስለተቆጠሩ ብቻ እግር አይጠነክርም። በእነዚያ ወራት ውስጥ ነርቭ ይበስላል፣ ጡንቻ ይገነባል፣ የሰውነት መጠንና ክብደት ይለወጣል፣ ልጅቱም በቀን መቶ ጊዜ ትሞክራለች፤ እርምጃው የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ዕድሜን ዋና ምክንያት አድርጎ ማየቱ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅና ሐኪም አርኖልድ ጌዜል በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሕፃናትን እንቅስቃሴ በፊልም እየቀረፀ በየዕድሜው የሚጠበቀውን በሰንጠረዥ አስቀመጠ፤ ዛሬ በሕፃናት ክሊኒኮች ግድግዳ ላይ የምናያቸው ሰንጠረዦች የእሱን ፈለግ የተከተሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 ከሄለን ቶምፕሰን ጋር ባሳተመው ጥናት ከመንትያ እህትማማቾች አንዷን ከ46ኛ ሳምንቷ ጀምሮ ለስድስት ሳምንት ደረጃ መውጣት አለማመዷት፤ ሌላዋን ተዉአት። ያልተለማመደችው ቆይታ በ53ኛ ሳምንቷ ጀምራ ለሁለት ሳምንት ብቻ ስትለማመድ እህቷ ላይ ልትደርስ ተቃረበች። ጌዜል ከዚህ ተነሥቶ ብስለት ከልምምድ ይቀድማል አለ። ጊዜው ያልደረሰን ነገር በግድ ማስጀመር ትርፉ ትንሽ መሆኑን ማሳየቱ ለእርስዎ ይጠቅማል። ሆኖም ጥናቱ የሁለት ልጆች ብቻ ነበር፤ «ያልተለማመደችው» ልጅም ታስራ አልተቀመጠችም፤ እነዚያን ሳምንታት በራሷ መንገድ ስትንቀሳቀስ፣ ስትነሣና ስትወድቅ ነው ያሳለፈቻቸው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ሙከራ ነው። አዲስ የተወለደን ሕፃን በብብቱ ይዘው ቀጥ አድርገው እግሩን መሬት ቢያስነኩት፣ አንዱን እግር አንሥቶ ሌላውን እየተካ የሚራመድ ይመስላል። ይህ ደመ ነፍሳዊ እርምጃ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው እየጠፋ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ አንጎል ሲበስል ያፍነዋል የሚል ነበር። ኤስተር ቴለን የተባለችው ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ሥራ ግን ሕፃናቱን እግራቸው ውኃ ውስጥ እንዲሆን አድርገው ሲይዟቸው እርምጃቸው በዛ፤ እግራቸው ላይ ትንሽ ክብደት ሲጨምሩባቸው ደግሞ ቀነሰ። የሕፃኑ አንጎል ውኃ ውስጥም ሆነ ከውኃ ውጭ ያው አንድ አንጎል ነው። የተለወጠው ሸክሙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት እግር ላይ የሚጨመረው ስብ ከጡንቻው ጉልበት ስለሚቀድም ሕፃኑ እግሩን ማንሣት ያቅተዋል፤ ውኃው ክብደቱን ሲሸከምለት ግን ያው እርምጃ ይመለሳል። ይህንን ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ እርምጃው የት ሄዶ ነበር?» ይለኛል። የትም አልሄደም። ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ ሲራገጥ ቢያስተውሉት ያንኑ ቅጥ ያገኙታል።

ካርል ኒዌል የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 ይህንን ሐሳብ ሥርዓት አስያዘው። ማንኛውም እንቅስቃሴ ከሦስት ነገሮች መጋጠሚያ ይወለዳል አለ፤ ከሰውየው፣ ከአካባቢው እና ከሚሠራው ሥራ። የልጅዎ እግር ርዝመትና ጉልበት የመጀመሪያው ነው፤ የምትቆምበት ወለልና የምትይዘው ሶፋ ሁለተኛው፤ ልትደርስበት የምትፈልገው አሻንጉሊት ሦስተኛው። ከሦስቱ አንዱን ሲለውጡ እንቅስቃሴው ይለወጣል። ዕድሜን ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ ከእነዚህ ሦስቱ ግን ቢያንስ ሁለቱ በእርስዎ እጅ ናቸው። ምክሬ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማን እና በአሜሪካ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ብቻ መራመድ የሚጀመርበት ጊዜ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ይዘልቃል። ይህ ማለት ከመቶ ልጆች ከሁሉ ቀድሞ የሚራመደውን አንዱንና ከሁሉ ዘግይቶ የሚራመደውን አንዱን ብንተው የቀሩት 98ቱ በዚህ መካከል ናቸው። ልዩነቱ ከዘጠኝ ወር ይበልጣል፤ የአንድ እርግዝና ዕድሜ ማለት ነው። የባለቤትዎ እህት ልጅና የእርስዎ ልጅ ሁለቱም በዚህ ሰፊ ሜዳ ውስጥ ናቸው። ደግሞም ከጊዜያቸው ቀድመው የተወለዱ ሕፃናት እድገት እስከ ሁለት ዓመታቸው የሚለካው ሊወለዱ ይገባቸው ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ልጅዎ ስድስት ሳምንት ስለቀደመች ለእንቅስቃሴ ስትመዘን 14 ወር ሳይሆን 12 ወር ተኩል ገደማ ናት። አማትዎ ይህችን አንዲት ስሌት ቢሰሙ ምናልባት ግማሹ ጭንቀታቸው ይቀልላቸዋል።

አለመዳኋም አያስጨንቅዎ። በዚያው ጥናት ከ100 ሕፃናት 4 የሚያህሉት በእጅና በጉልበት ሳይድኹ አልፈዋል። በመቀመጫቸው የሚንፏቀቁ ልጆች ደግሞ ዘግየት ብለው መራመዳቸው የተለመደ ነው፤ ነገሩ ሲታሰብም አይገርምም፤ ሁለት እጇ ነፃ ሆኖ፣ ዓለምን ቀና ብላ እያየች፣ ወደፈለገችበት የምትደርስ ልጅ ለመቆም የሚያስቸኩላት ነገር ትንሽ ነው።

ከወሩ ቁጥር ይልቅ ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ። ሰውነትን መቆጣጠር በአብዛኛው ከራስ ወደ እግር፣ ከመሃል አካልም ወደ ዳር ይወርዳል፤ አንገት ይጸናል፣ ቀጥሎ ጀርባ፣ ከዚያ ዳሌና ጉልበት፤ በእጅ በኩል ደግሞ በሙሉ መዳፍ ከመጨበጥ ተነሥቶ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ፍርፋሪ ቆንጥጦ እስከማንሣት ይደርሳል። ልጅዎ ያለ ድጋፍ ተቀምጣ፣ ራሷን አንሥታ ሶፋ ከያዘች፣ በዚህ መሰላል ላይ የቀራት አንድ ወይም ሁለት እርከን ነው። ዛሬ ማታ ከጎኗ ወለል ላይ ይቀመጡና እግሯን ብቻ ይዩ። ወደ ጎን ስትሄድ ከአፍታ በኋላ አንዱ እግር ከመሬት ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት መላ ክብደቷ በሌላው እግር ላይ ነው። ከመራመድ ሁሉ ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ እሷ በእጇ ታግዛ ቀኑን ሙሉ እየተለማመደችው ነው። እጇን ስትለቅ እንዴት ነው ቁጭ የምትለው? ዘጭ ትላለች ወይስ ጉልበቷን ቀስ አድርጋ አጥፋ ትወርዳለች? ቀስ ብላ የምትወርድ ከሆነ ጡንቻዋ ክብደቷን መቆጣጠር ጀምሯል ማለት ነው።

ዎከሩን ከካርቶኑ ያለማውጣትዎ ጥሩ አድርገዋል፤ እንደተጠቀለለ ይቆይ። በዎከር ውስጥ ያለች ልጅ ክብደቷን የምታሳርፈው በጨርቁ መቀመጫ ላይ እንጂ በእግሯ ላይ አይደለም፤ በጣቶቿ ጫፍ እየገፋች ትንሸራተታለች፤ የዎከሩ ጠረጴዛ ስለሚከልላት የራሷን እግር አታይም፤ ወደ አንድ ወገን ስታዘነብል የሚመልሳት ጎማው ስለሆነ ሚዛኗን ማስተካከል አያስፈልጋትም። ስለዚህ መራመድ ከሚጠይቃቸው ነገሮች ዋናዎቹን አታገኝም። ዎከር ውስጥ የሚውሉ ሕፃናት ቀድመው ሳይሆን ዘግይተው መራመዳቸውን ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ፍጥነቱ ነው፤ አዋቂ ዘወር ብሎ እስኪመለስ ልጅቱ ደረጃ አፍ ላይ ትደርሳለች። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው።

በዎከሩ ፈንታ አካባቢውንና ሥራውን ይለውጡላት። ቤት ውስጥ ባዶ እግሯን ትሁን፤ እግር ወለሉን ሲነካ የሚያገኘውን መረጃ ወፍራም ጫማ ይጋርደዋል። የምትወደውን ነገር ከወለል አንሥተው ሶፋው ላይ፣ በቆመች ጊዜ ብቻ ልትደርስበት በምትችልበት ቦታ ያስቀምጡ። ከሶፋው አጠገብ የማይገለበጥ ወንበር አስጠግተው ከአንዱ ወደ ሌላው እንድትሻገር ያድርጉ፤ ሲቀላት በየጥቂት ቀኑ ክፍተቱን አንድ ጋት ያህል ያስፉት፤ አንድ ቀን ሁለቱንም ሳትይዝ ትሻገረዋለች። እጇን ወደ ላይ ጎትተው ማራመዱን ግን ይቀንሱት፤ ያ እርምጃ ሚዛኑ የእርስዎ ነው።

ስትጀምር ደግሞ መውደቋ አያስደንግጥዎ። ካረን አዶልፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ከ12 እስከ 19 ወር የሆኑ ሕፃናት በነፃ ሲጫወቱ በአማካይ በሰዓት 2,368 እርምጃ ተራምደው 17 ጊዜ ወድቀዋል። ትልቅ ሰው በሰዓት 17 ጊዜ ቢወድቅ ሥራውን ትቶ ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ልጅ ግን ተነሥታ ትቀጥላለች፤ አጭርና ቀላል በመሆኗ ውድቀቷም ቀላል ነው። የዚሁ ተመራማሪ ሌላ ግኝት ለጥንቃቄ ይጠቅምዎታል። ለብዙ ሳምንታት የዳኹ ሕፃናት አደገኛ ቁልቁለትን አይተው መተው ይማራሉ፤ መራመድ በጀመሩ ጊዜ ግን ያንኑ ቁልቁለት እንደማያውቁት ሆነው ይገቡበታል። በመዳህ የተማሩት ለመራመድ አልተላለፈላቸውም። ልጅዎም ዛሬ ተንፏቅቃ ደረጃ አፍ ላይ የምትቆም አስተዋይ ብትሆን፣ በእግሯ በሄደች ማግሥት ያንን ማስተዋል እንደ አዲስ መማር ይኖርባታል፤ ደረጃውን ዝጉት።

ሐኪም የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነም በግልጽ ላስቀምጥ። በተስተካከለው ዕድሜዋ 18 ወር ሞልቷት ብቻዋን ካልሄደች ትታይ። ከዚያ በፊት ደግሞ ቀን የማይሰጡ ምልክቶች አሉ፤ ትችለው የነበረውን ነገር መተው፣ አንድ እጅን ብቻ መጠቀም ወይም አንድ እግርን መጎተት፣ እግሮቿ ግትር ማለታቸው ወይም በተቃራኒው ሰውነቷ ልፍስፍስ ማለቱ። ከእነዚህ አንዱን ካዩ በማግሥቱ ይሂዱ። እስካሁን ከጻፉልኝ ውስጥ ግን አንዱም የለም፤ ቀድማ በመወለዷ የተያዘላት የክትትል ቀጠሮ ካለ እሱን ሳያጓድሉ መቀጠል ይበቃል።

የ13 ዓመቱ ልጅዎ ጉዳይ አጭር ነው። ወንዶች በቁመት በፍጥነት የሚመዘዙት በአማካይ 14 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ሴቶች ሁለት ዓመት ያህል ይቀድማሉ። በዚያን ጊዜ እግርና እጅ ከግንዱ ቀድመው ይረዝማሉ፤ አንጎሉ ደግሞ የሚያውቀው የዓምናውን ክንድ ርዝመት ነው። ብርጭቆውን ሲያነሣ የሚመታው ለዚህ ነው፤ ሁሉም ልጅ ላይ ባይታይም የሚያልፍ ነገር ነው። አይቆጡት፤ በተለይ በሰው ፊት «እጀ ሰባራ» አይበሉት። ኳሱንና ሩጫውን እንዳይተው ብቻ ይጠብቁ፤ መወርወር፣ መቅለብ፣ መዝለል የመሳሰሉት መሠረታዊ ክህሎቶች በልጅነት ይጀመራሉ እንጂ ያለ ልምምድ አይበስሉም፤ ብዙ አዋቂ ዛሬም ኳስ ሲወረውር በሚወረውርበት እጅ ወገን ያለውን እግር ያስቀድማል፤ ተቃራኒውን እግር ማስቀደምና ወገብን ማዞር ማንም አላሳየውምና።

አባትዎ ዘንድ ግን ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ከሦስቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ የእሳቸው ነገር ነው። «ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሆናል» የሚል አባባል አለ። የልጅዎን የመጀመሪያ እርምጃዎች ሲያዩና የአባትዎን አካሄድ ሲያዩ እውነት ይመስላል፤ ሁለቱም እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ እርምጃቸውን አሳጥረው፣ ሁለቱም እግሮቻቸው መሬት ላይ የሚሆኑበትን ጊዜ አስረዝመው ይሄዳሉ። እኔ ግን ይህንን አባባል አልወደውም። መልሱ የተመሳሰለው ጥያቄው ስለተመሳሰለ ነው፤ ሁለቱም እንዳይወድቁ እየተጠነቀቁ ነው። ልጅቱ ገና ያልጠነከረ እግርና ትልቅ ጭንቅላት ይዛ መፍትሔ እየፈለገች ነው። አባትዎ ደግሞ ለሰባ ዓመት የተራመዱ ሰው ናቸው፤ አሁን ጡንቻቸው ቀንሶ፣ ከውስጥ እግራቸውና ከዓይናቸው የሚመጣው መልእክት ዘግይቶ፣ በዚህ ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ፍርሃት ተጨምሮባቸው ያንን እውቀት ከአዲሱ ሰውነታቸው ጋር እያስማሙ ነው። እንደ ልጅ ማየት የጀመርን ዕለት እንደ ልጅ እናስቀምጣቸዋለን፤ ልጅን እንኳ ግን እንዲህ አናስቀምጥም!

መቀመጡ ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። የጡንቻ መጠንና ጉልበት ከሠላሳዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ ከሃምሳ በኋላ ይፈጥናል። አስቀድመው የሚከስሙት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ስለዚህ ኃይልን በቅጽበት የማውጣት ችሎታ ከጠቅላላው ጉልበት ቀድሞ ይወርዳል። እግር ሲያዳልጥ ደግሞ የሚያድነው ይኸው የቅጽበት ኃይል ነው፤ ሌላውን እግር በቶሎ ወደፊት ማድረስ ያስፈልጋል። ሰው ሲወድቅ ይፈራል፣ ሲፈራ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ እግሩ ይደክማል፣ እግሩ ሲደክም መውደቁ ይቀርባል። ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል፤ አባትዎ እንግዳ ነገር አልገጠማቸውም። ውኃ እንዳይቀዱ መከልከላችሁ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ የቀራቸውን ልምምድ ግን እየወሰደባቸው ነው።

ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያያቸው፤ ይህ አይዘለል። ከተኙበት ወይም ከተቀመጡበት ሲነሡ የደም ግፊታቸው ይወርድ እንደሆን፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሚዛን ያስት እንደሆን፣ ዓይናቸውና የእግራቸው ስሜት እንዴት እንደሆነ ይመረመር። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ያለ ማዘዣ የተገዙትንም ጭምር፣ ይዘው ይሂዱ። ሲወድቁ ራሳቸውን ስተው እንደነበረ ወይም አዳልጧቸው እንደነበረም ሐኪሙ መስማት ይኖርበታል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ አንድ ቀላል መለኪያ ቤት ውስጥ ይሥሩ። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ እርስዎ ከጎናቸው ቆመው፣ አባትዎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደሚነሡ ይቁጠሩ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባዘጋጀው መመሪያ ከ70 እስከ 74 ዓመት ለሆነ ወንድ ከ12 በታች ከአማካይ ያነሰ ነው፤ በእጃቸው ከተመረኮዙ ደግሞ ውጤቱ ዜሮ ይባላል። በጻፉልኝ መሠረት የአባትዎ ቁጥር ዛሬ ዜሮ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ግን መነሻ ነው። ወንበሩ ላይ ወፍራም ትራስ ይጨምሩና ከፍ ያድርጉት፤ ያኔ ያለ እጅ አንድ ጊዜ መነሣት ይችሉ ይሆናል፤ ልክ ውኃው የሕፃኑን እግር እንዳቀለለው ማለት ነው። አምስት ጊዜ ሲነሡ ትራሱን ይቀንሱ። ሲወርዱ ቀስ፣ ሲነሡ ፈጠን ይበሉ፤ ፈጣኖቹን ክሮች የሚቀሰቅሳቸው ፈጠን ብሎ መነሣቱ ነው። ቀጥሎ የማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ይዘው አንዱን እግር ከሌላው ፊት፣ ተረከዝ ከጣት አጋጥመው ይቁሙ፤ ያለ ድጋፍ አሥር ሰከንድ መቆም እስኪችሉ ድረስ ይለማመዱት። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ የሚመክረው ሚዛንንና ጉልበትን የሚያሠራ ልምምድ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማግኘት ከቻሉ ሁለት ሦስት ቀን እሱ ቢያስጀምራቸው እመርጣለሁ።

«በዚህ ዕድሜ ምን ጡንቻ ይመጣል?» እንደሚሉዎት አውቃለሁ፤ ብዙ አባቶች እኔንም ብለውኛል። እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በመጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ አሥር ሰዎች በባለሙያ ክትትል ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። ልምምዱን የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። አባትዎ በእነሱ ፊት ጎልማሳ ናቸው።

መታጠቢያ ቤቱን ደግሞ ዛሬውኑ ያስተካክሉት፤ ግድግዳው ላይ በብሎን የተያዘ መያዣ፣ ወለሉ ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ፣ ከመኝታ እስከ መታጠቢያ ቤት ሌሊት የማይጠፋ መብራት፤ እግራቸውንም ተረከዙ የተዘጋ ጫማ ይያዝላቸው። አንድ ነገር ደግሞ ያስተውሉ። አብረዋቸው ሲሄዱ ጥያቄ ቢጠይቋቸው ለመመለስ ቆም ይላሉ? እ.ኤ.አ. በ1997 ስዊድን ውስጥ የተደረገ ጥናት ሲያወሩ መራመድ የሚያቆሙ አረጋውያን ይበልጥ እንደሚወድቁ አሳይቷል፤ መራመዱ ራሱ ሙሉ ሐሳባቸውን እየወሰደ ነው ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ በደረጃ ላይና በመንገድ ማቋረጫ ወሬውን ይተዉላቸው፤ ለሐኪሙም ይንገሩ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ራስዎ ከዕድሜዎ በቀር የጻፉት የለም። 38 ዓመት የጡንቻ ቁልቁለት ቀስ ብሎ የሚጀምርበት ጊዜ ነው፤ ከአባትዎ ጋር በወንበሩ ልምምድ ቢነሡና ቢቀመጡ ለእሳቸው ማበረታቻ፣ ለእርስዎ ደግሞ ከወዲሁ የሚጠራቀም ስንቅ ይሆናል።

የቀረው የአማትዎ ነገር ነው። ዎከሩን መመለስ ከተቻለ ይመለስ፤ ካልተቻለ ለሌላ ልጅ አይሰጥ። ለእሳቸው ግን «አያስፈልግም» ብለው ብቻ አይመልሱላቸው፤ የልጅ ልጃቸው ስትራመድ ማየት የሚፈልጉ ሰው ናቸውና ሥራ ይስጧቸው። ከሶፋው ማዶ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ልጅቱ የምትወደውን ነገር ይያዙ፣ ክፍተቱን የሚያሰፉትም እሳቸው ይሁኑ። አባትዎም ልምምዳቸውን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ቢያደርጉ መልካም ነው፤ በአንድ ወረቀት ላይ የእሳቸውን የመነሣት ቁጥርና የልጅቱን ክፍተት በየሳምንቱ ይጻፉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ቢልኩልኝ ከዚያ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።